የቀዩ አውራ ዶሮ ሴት ልጆች

ሽባባው ፈረስ ያውቃል። ይህን ራሱ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርለታል። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በጥሊሊ መንገድ ዳር ከሚኖሩት ገበሬዎች አንዱ ባዝራውን ለማስጠቃት ባሰበ ቁጥር መጀመሪያ ብቅ የሚለው ሽባባው ደጅ ነው። ሽባባው ድንጉላውን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ጥርሱን ገልጦ ይመለከታል፣ ሰኮናውን ያነሳል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የሚወለደውን ውርንጭላ መልክ፣ ቁመትና ጠባይ ይናገራል። ሲሳካለት ለዓመታት ይወራለታል። ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ ጥፋቱ የባዝራዋ ባለቤት ነው፤ ወይ ገብስ ቆጥቦባታል፣ ወይ አጥሩን ክፍት ትቶ የማንም ፈረስ ገብቶበታል።

ይህ ሁሉ እውቀት የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነበር። ዘር የሚወርደው በአባት ነው፤ እናት ማደሪያ ናት። ሽባባው ይህን የሚለው ክፋት ኖሮበት አይደለም። አባቱ እንዲያ ብሎታል፤ አባቱን ደግሞ የራሱ አባት እንዲያ ብሎታል። እናቶቻቸው ምን ይሉ እንደነበር የጠየቀ የለም።

እምነቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆረቁረው ነበር። እግዜር ለእሱና ለሚስቱ ለወርቅነሽ የሰጣቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ሃና። ሃና ዳንግላ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ይወዳታል፣ ይኮራባታል፣ ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለወጣል። ዳሩ ግን በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ የአዊ ፈረሰኛ ሁሉ እንጅባራ ሜዳ ላይ ሲወጣና ጓደኞቹ ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር ጎን ለጎን ሲጋልቡ ሲያይ፣ ይህን ዳማ ፈረሴን ከእኔ በኋላ ማን ይይዘዋል የምትል ሐሳብ ልቡን ቆንጠጥ ታደርገዋለች። ሃና ልጅ ሳለች ካልጋለብኩ ብላ መሬት ላይ ተንከባልላ ያለቀሰችውን ግን ከናካቴው ረስቶታል።

ከቀርከሃ አጥሩ ማዶ የምትኖረው ጎረቤቱ ሸጋም እንደ ሃና ለአባቷ አንድያ ልጅ ነበረች። አባቷ አየነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ አገር ፈረስ ላይ ከወጡት ሁሉ የሚወዳደረው አልነበረም። ሲሞት ፈረሱ ለተዝካሩ ተሸጠ፤ ኮርቻው ብቻ ሸጋ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሸጋ ዛሬ ባል ያላት፣ ማሳ የምታሳርስ ትልቅ ሴት ናት፤ ባሏ ፀጋው በከሰል ንግድ አዲስ ቅዳም ሲመላለስ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ያን ኮርቻ አውርዳ ቆዳውን ቅቤ ትቀባዋለች፣ ታሸዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች።

አምና ጥር ሳይገባ ወደ ሽባባው መጥታ ነበር። የሰፈሩ ፈረሰኞች አለቃ እሱ ስለሆነ ማን እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ፈረስ ቢፈልጉልኝ እኔም ብወጣ ደስ ይለኛል አለችው። ሽባባው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ፣ አየነው ወንድ ልጅ አልተወም፣ ግልቢያው አብሮት አርፏል አላት። ለእሱ ይህ የሟቹን ክብር መጠበቅ ነበር። ሸጋ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ወርቅነሽ ያን ዕለት ለባሏ ራቱን ስታቀርብለት ሳህኑን ከሌላው ቀን ጠንከር አድርጋ ነበር ያስቀመጠችው።

እንግዲህ የዶሮው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በግንቦት ሽባባው ጥሊሊ ገበያ ወርዶ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛ። ዶሮ አይደለም፣ መኮንን ነው። አንገቱ እንደ ነሐስ ያበራል፣ ደረቱ ሰፊ ነው፣ ኩክኔው፣ ያ አናቱ ላይ የሚቆመው ቀይ ሥጋ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ቀጥ ብሎ የተሰካካ ነው። ሽባባው ሐሳብ ነበረው። ለእንቁጣጣሽ ሰው ሁሉ ቀይ አውራ ዶሮ ይፈልጋል፤ ታዲያ ከዚህ መኮንን ቀያይ ወንዶች እያስፈለፈለ ሰፈሩን ቢያጥለቀልቀው ማን ይከለክለዋል? የጎደለው ጥሩ እናት ዶሮ ነበረች። የራሱን ዶሮዎች አምና ፈንግል የሚሉት በሽታ ጠራርጎ ፈጅቶበታል።

ሸጋ ደግሞ ከዚያ ሁሉ እልቂት የተረፈች አንዲት ገብስማ ነበረቻት። ገብስማ እንደ ስሟ ናት፤ የተቆላ ገብስ የመሰለ ግራጫና ነጭ ዝንጉርጉር። የሸጋ እናት ካረባቻቸው ዶሮዎች ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ነች። አትታመምም፣ እንቁላል አትሰስትም፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ክንፏ ስር ሰብስባ ወደ ሰማይ ቀና ብላ ትሳደባለች።

የሽባባው ድንች በወንፈል በሚኮተኮትበት ቀን ሰው ለምሳ አረፍ እንዳለ፣ ገብስማዋ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣችና ከቀዩ ጋር ፍርፋሪ መልቀም ጀመረች። ሽባባው አያት። ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ከዚያ እንደ ልማዱ ትንቢቱን ተናገረ፤ እነዚህ ሁለቱ ቢዋለዱ ወንዶቹ ጫጩቶች አንድም ሳይቀሩ ቀይ፣ ልክ አባታቸውን ይሆናሉ። ሸጋ እንጀራዋን እየጠቀለለች፣ ወንዶቹ እናታቸውን ቢወጡስ አለችው። ሰው ሳቀ። ሽባባውም ሳቀና፣ ልቡ ሞቅ ብሎት ስለነበር፣ ሊናገር ያላሰበውን ተናገረ።

«ወንዶቹ እናታቸውን ከወጡ ጥር ሃያ ሦስት ዳማውን አንቺ ትጋልቢዋለሽ። እኔ ልጓሙን ይዤ በእግሬ እመጣለሁ።»

ሸጋ ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። እጇን ታጥባ መጣች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አጠገባቸው ወደተቀመጠው ወደ ሽማግሌው ባንተአምላክ ዞር ብላ፣ ጋሼ ሽባባው ያሉትን ሰምተዋል ወይ ብላ ጠየቀችው። ባንተአምላክ ጆሮው ከዚያ በፊት ለምንም ነገር እንደዚያ ሰምቶ አያውቅም። ሰምቻለሁ አለ። እሷስ ብትረታ ምን ትሰጣለች ተባለች። ሸጋ ወደ ገብስማዋ አየች። ከዚያ ዶሮዋን እሰጣለሁ አለች። ሳቁ እዚያው ቆመ፤ ያቺ ዶሮ ለሸጋ ምን እንደሆነች የማያውቅ ማንም አልነበረም።

ሽባባው ነገሩን እንደ ፈረስ ያዘው። የማንም ጎረምሳ አውራ ዶሮ እንዳይገባበት በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ በረት አጠረ፤ ገብስማዋንና ቀዩን ለብቻቸው እዚያ አዋላቸው፣ አሳደራቸው። እንቁላሎቹ ሲጠራቀሙ ሸጋ ወስዳ በእንቅብ ጭድ ላይ አስታቀፈቻት። ዶሮዋም ታቀፈች። ሽባባው ውርንጭላ እንደሚጠብቅ ሰው በየማለዳው አጥሩ ጋ ቆሞ ይስላል።

በሰኔ ዝናብ ጫጩቶቹ ወጡ። ሸጋ እንቅቡን ምድጃው ዳር አስጠግታ ሽባባውን፣ ወርቅነሽንና ባንተአምላክን ጠራቻቸው። ሦስቱም አጎንብሰው አዩ። ግማሾቹ ቀላ ያሉ ቡናማ ናቸው፤ ግማሾቹ ግራጫ ሆነው አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ አለባቸው።

«ይኸው» አለ ሽባባው፣ ቡናማዎቹን እየጠቆመ። «ወንዶቹ እነዚህ ናቸው።»

ጫጩት ወንድ ይሁን ሴት በዚያ ዕድሜው በዓይን ማን ይለያል ተባለ። እሱ ይለያል። አረማመዳቸውን እዩ፣ ደረታቸውን እዩ፣ ይቺ እንኳ፣ ማለቴ ይህ፣ ከእህል ፊት እንዴት እንደሚቆም እዩ አለ። ባንተአምላክ ግን ዕድሜውን ሙሉ ዳኝነት ለምዶ ኖሯልና፣ የሚጮኸው ወንድ ነው፣ እስኪጮሁ ይጠበቅ ብሎ ፈረደ። ሁሉም በዚህ ተስማሙ።

ክረምቱ ገባ። በእንጅባራ ክረምት ምን እንደሚመስል ላላየው ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ ጉሙ ማለዳ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ሽባባው በዚያ ጉም ውስጥ፣ በዚያ ጭቃ ላይ፣ ጋቢውን ተከናንቦ በየቀኑ ጫጩቶቹን ሊያይ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚመለሰው እያፏጨ ነበር። በሐምሌ ፉጨቱ ቀነሰ። በነሐሴ ጨርሶ ቆመ።

የግራጫዎቹ ኩክኔ እየቀላና እየቆመ መጣ። ከአገጫቸው ሥር ሥጋ ተንጠለጠለ። እግራቸው ወፈረ፤ እርስ በእርሳቸው ደረት ለደረት ይጋጩ ጀመር። ቀዮቹ ደግሞ ለምለም፣ ልስልስ፣ ጸጥ ያሉ ሆነው አረፉት። ሽባባው ለዚህ ሁሉ መልስ ነበረው። ግራጫዎቹ ሴቶች ሆነው ሳለ የሸጋ በቆሎ ስለበዛባቸው ጠግበው ነው የሚጋጩት። ቀዮቹ ወንዶች ቢሆኑም ጨዋዎች ናቸው፤ የትልቅ ሰው ልጅ ቸኩሎ አይጮህም። ወርቅነሽ ይህን ስትሰማ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ፣ እውነትም የአንተ ልጆች ቢሆኑ ነው እንዲህ ጨዋ የሆኑት አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም፤ ወይም እንዳልገባው ሆነ።

በመጨረሻ አላስችል ሲለው ዳንግላ ደወለና ልጁን ጠየቃት። ስለ ውርርዱ አልነገራትም፤ እንዲያው ለጠቅላላ እውቀት ነው። አባትየው ቀይ፣ እናትየዋ ገብስማ ብትሆን የትኞቹ ወንድ ይሆናሉ አላት።

«አባየ፣ ግራጫዎቹ ናቸው ወንዶቹ» አለች ሃና። «በእንዲህ ያለ ድቅል ወንዶቹ እናታቸውን ነው የሚወጡ። ቀዮቹ ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ አባታቸውን ይወጣሉ።»

«ሃሎ? ሃሎ?» አለ ሽባባው። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።»

ስልኩን ዘጋው። ኔትወርኩ እንደዚያን ቀን ጠርቶ አያውቅም፤ የሃና ድምፅ ማድቤት ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ወርቅነሽ ሰምታለች። ሽሮውን እያማሰለች ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽባባው እንቅልፍ አጣ። ፈረሱ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ እሱ በአቧራ ውስጥ ልጓም ይዞ ሲሄድ፣ የጥሊሊና የአዲስ ቅዳም ፈረሰኞች ሲጠቋቆሙበት ይታየዋል። ከዚያ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ሲናገር ሰው የሚሰማው፣ ባዝራ የሚያመጣለት፣ አለቃ ያደረገው ያ እውቀቱ ነው። በዶሮ ከተሳሳተ ነገ በፈረስ ማን ያምነዋል? ፈራ። ሰው ሲፈራ ደግሞ የማይሠራው ሥራ የለም።

ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ለማንም ሳይናገር ጥሊሊ ወረደ። ከሸጋ ቀያዮች ጋር በዕድሜም በመልክም ቁርጥ የሆነ አንድ ቀይ ኮበሌ ዶሮ መረጠ፤ ሊጮህ የደረሰ፣ ምናልባትም ጀምሮ የነበረ። በማዳበሪያ ጆንያ ከትቶ ሚኒባስ ውስጥ ከወንበር ሥር ሸጎጠው። መንገድ ላይ ዶሮው ጀምሮ እንደነበር ተረጋገጠ። ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሽባባው የስልኬ ጥሪ ነው አለና ኪሱን ዳበሰ። ረዳቱ፣ አባት፣ ስልክዎ ላባ አውጥቷል አለው፤ እውነትም በጆንያው ቀዳዳ አንድ ቀይ ላባ ወጥቶ ነበር።

ማግስቱ እሑድ ነበር። ሸጋ ቅዳሴ ላይ ሳለች ሽባባው በአጥሩ ቀዳዳ እንግዳውን ወደ ግቢዋ ለቀቀው። እጁን አራግፎ ቤቱ ገባና ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ልቡ ይመታል። በስልሳ ዓመቱ ዶሮ ሰርቆ ሳይሆን ዶሮ ሰጥቶ የሌባ ልብ ያገኘ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሸጋ ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠራችው። መጥተው አንድ ነገር ያዩልኛል አለችው። ሄደ። ግቢው ታምሷል፤ ገብስማዋ ላባዋን አቁማ እንግዳውን እያሳደደች ትነቁረዋለች፣ ቀያዮቹ ተሰብስበው ቆመው ያያሉ፣ እንግዳው ጥግ ይዟል። ሽባባው ጉሮሮውን ጠረገና፣ አየሽ፣ ይኸው ቀዩ ወንድ ወጣ፣ ኩክኔውን ተመልከችው አለ።

ሸጋ ኩክኔውን ተመለከተችው። እንግዳውን ያዘችና ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ እሱ መጣች፤ አናቱንም ወደ ፊቱ አቀረበችለት። ሽባባው ያን ጊዜ ነው ያየው። የዚህ ዶሮ ኩክኔ እንደ መጋዝ የቆመ አይደለም። ድርብ ነው፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ አናቱ ላይ እንደ ተነጠፈ እንጆሪ። ቀዩ መኮንን ነጠላ ነው ያለው፤ ገብስማዋም ነጠላ፤ ከሁለቱ የተፈለፈሉት ሁሉ ነጠላ። ጥሊሊ ገበያ ላይ መልኩን ብቻ ሲያይ፣ በፈረስ ቢሆን ከሩቅ የሚለየውን ነገር ሳያይ ገዝቶት መጥቷል።

«ጋሼ» አለች ሸጋ ዝግ ብላ፣ «ይህ ፈረስ ቢሆን ኖሮ አባቱ ማን ነው ይሉኝ ነበር?»

ሽባባው ጋቢውን አናቱ ላይ ሳበ። ፊቱ ጋለ። መሬቱ ቢከፈትለት በጋቢው እንደተከናነበ ይገባ ነበር።

በዚህ መሀል ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ባንተአምላክ በበሩ ብቅ አለ። ዶሮውን አየና፣ ይህ ደግሞ ከየት መጣ አለ። ሽባባው ዓይኑን ጨፈነ፤ የዚህን ጊዜ ለትንቢት አልነበረም። ሸጋ ዶሮውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አኖረችው።

«ጋሼ ሽባባው ናቸው ከጥሊሊ ያመጡልኝ» አለች። «ለዘር ይሆንሻል ብለው።»

ባንተአምላክ ደግ አደረክ፣ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው ብሎ መርቆት አለፈ። ምርቃቱ ሽባባውን ከስድብ በላይ አቃጠለው። አምና በሳቁ የሸኛት ሴት ዛሬ በሁለት ዓረፍተ ነገር ስሙን አዳነችለት። ሸጋም አላስጨነቀችውም፤ ለዶሮዎቹ በቆሎ ልትበትን ዞር አለች።

ቤቱ ሲገባ ወርቅነሽ ምድጃው ዳር ተቀምጣለች። የማዳበሪያው ጆንያ የት ገባ ብላ ጠየቀችው። ሽባባው ሁሉንም ነገራት፤ ከስልኩ ጀምሮ። ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ስትጨርስ ግን እጁን ያዘችና፣ አሁን ምን ልታደርግ ነው አለችው።

ምን እንደሚያደርግ ያወቀው በዚያው ሳምንት ነው። ገብስ ሊታጨድ ሰው በወንፈል ተሰብስቦ ሳለ፣ ከግራጫዎቹ አንዱ የቀርከሃውን አጥር ዘሎ ወጣ። ከጫፉ ላይ ተንገዳገደ፣ አንገቱን አሰገገና ጮኸ። ጩኸቱ ጩኸት አይባልም፤ በቅባት እጦት ሲጥጥ የሚል በር ነበር። ቢሆንም ወንድ ነው፣ ከወንድም የእናቱ ልጅ ነው፤ ከአናቱ እስከ ጅራቱ ገብስማ። ወዲያው ወንድሙ ከሥር መለሰለት። ሰው ማጭዱን ይዞ ወደ ሽባባው ዞረ። ወደ ሸጋም አየ። ሸጋ አልሳቀችም፣ አልዘለለችም፤ የያዘችውን ነዶ ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሽባባው ለማምለጥ ቢፈልግ ገና መንገድ ነበረው። ቀዮቹ ይቆዩ፣ ገና አልጮሁም ማለት ይችላል፤ ባንተአምላክም በሕጉ ይህን ይቀበለዋል። ግን ማጭዱን ጣለና በአጨዳው መሀል አልፎ ሸጋ ፊት ቆመ።

«ተረትቻለሁ» አለ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። «ዳማው ያንቺ ነው። የአባትሽን ኮርቻ አውርጂው።»

ቀያዮቹ ያን ወር እንቁላል መጣል ጀመሩ። የመጀመሪያውን እንቁላል ሸጋ በእፍኟ ይዛ ለወርቅነሽ ሰጠቻት፤ ወርቅነሽ ለባሏ ጠብሳ አቀረበችለት። ሽባባው የጨዋ ልጆቹን እንቁላል ጣቱን እየላሰ በላ።

ቀሪዎቹ ወራት በልምምድ አለፉ። ሽባባው ዳማው ከእሱ ሌላ ሰው እንደማይቀበል ለሁሉም ይናገር ነበር፤ በልቡም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ እንዲያ እንዲሆን ይመኝ ነበር። ሸጋ ግን መጀመሪያ ቀን ኮርቻውን አልጫነችም። አጠገቡ ቆማ አንገቱን እያሻሸች ጆሮው ሥር በአዊኛ ብዙ ነገር አወራችው። ምን እንዳለችው ሽባባው አልሰማም። ዳማው ሰማ። ስትወጣበት አንድ ጊዜ ብቻ ጆሮውን ቀስሮ ወደ ጌታው አየና፣ ይኸው ጉዴን እያየህ ነው ያለ መስሎ፣ ተንቀሳቀሰ። ሽባባው የመከራት ጥቂት ነገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚመክራት አጣ።

ጥር ሃያ ሦስት እንጅባራ ሜዳ ሞልቶ ነበር። ፈረሱ ሁሉ በጥልፍ ግላስ፣ በቀይና በቢጫ አጊጧል። ባጃጆች ከአስፋልቱ ዳር ተደርድረው ሾፌሮቹ ጣራቸው ላይ ወጥተዋል። ሃና ከዳንግላ በማለዳ ሚኒባስ መጥታ እናቷ አጠገብ ቆማለች። ሽባባው ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ የዳማውን ልጓም ይዞ፣ በእግሩ መጣ። የፈራው ሁሉ ደረሰ። ጠቆሙበት፣ ተሳሳቁበት፣ አንዱ የጥሊሊ ሰው ፈረሱ ከበደህ ወይ አለው። ሽባባው ቀና ብሎ ሸጋን አያት። በአባቷ ኮርቻ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ልጓሙን የያዙት በአየነው አያያዝ ነው፤ ከተሳለቀበት ሰው ሁሉ ይልቅ በሽባባው ዓይን የከበደችው እሷ ናት። ልጓሙን ለቀቀላት።

ዳማው ተስፈነጠረ። ሸጋ መጀመሪያ ዝቅ አለች፤ ሜዳው መሀል ሲደርሱ እርካቡ ላይ ተነስታ ቆመች፣ ነጠላዋን በአንድ እጇ ወደ ኋላ ወረወረች፣ ከፊቷ የነበሩትን አንድ በአንድ አለፈቻቸው። በሜዳው ዳር ያሉ ሽማግሌዎች እንዲህ የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር እያሉ ይነሡ ጀመር። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሽባባው እንባው በጉንጩ ሲወርድ አልጠረገውም። ደስታ ነበር፤ ከደስታው ሥር ደግሞ ጸጸት። ይህ ሁሉ በአጥሩ ማዶ ሲኖር ዓይኑን ጨፍኖ ነው የኖረው።

አጠገቡ የቆመ አንድ የአዲስ ቅዳም ሽማግሌ ክርኑን ነካ አድርጎ፣ ይቺ ማን ናት አለው።

«የአየነው ልጅ ናታ» አለ ሽባባው። «በእኛ ሰፈር ሴቶቹ አባታቸውን ነው የሚወጡ።»

ይህን ብሎ ዞር ሲል ሃና ቆማለች። ሰምታለች። ዓይኗ ግን እሱ ላይ አልነበረም፤ ሜዳውን ዞሮ እየተመለሰ ያለው ዳማ ላይ ነበር። ያንን አስተያየት ሽባባው የት እንዳየው አስታወሰ። አንዲት ትንሽ ልጅ መሬት ላይ ተንከባልላ ስታለቅስ፣ እሱ ከላይ ከኮርቻው ሆኖ ሲስቅ ታየው።

«ሃንዬ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው እንዳይሰማው። «የሚመጣው ዓመት ዳማው ያንቺ ነው። ከፈለግሽው። ካልረፈደብኝ።»

ሃና እጇን እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ አደረገችና ፊቷን ኮስተር አደረገች። እናቷ ከኋላዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«አባየ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» አለች። «እስኪ ይድገሙት።»

ሽባባው ግራና ቀኙን አየ። የጥሊሊው ሰው እዚያው ነበር፤ የአዲስ ቅዳሙም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ደገመው።